እስቲ ይለካ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ይህን እንግዳ ሳያውቀው አይቀርም። ክፍለ ጊዜው ካለቀ በኋላ፣ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ ይመጣል። አንዳንዴ ተማሪ ነው፤ አንዳንዴም ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ጋራዥ የገባ ጎልማሳ ነው። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት ነበር» ይላል። ደብተሩ ላይ አንድ ሞተርና አንድ ዲናሞ ተስለዋል፤ በመካከላቸው ቺንጋ አለ። ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞው የሚያመነጨው መብራት ተመልሶ ሞተሩን ያዞራል፤ የተረፈው ለቤት ይበራል። ነዳጅ አይጠጣም፣ ቆጣሪ አያስቆጥርም፣ መብራት ጠፋ ተብሎ አይቆምም።

መምህሩ ደክሞታል፤ ሌላ ክፍል ይጠብቀዋል። «ይሄማ አይሆንም» ብሎ ሊሸኘው ይችላል። ወይም ወንበር ስቦ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው በር ሲያንኳኳ የሳይንስ ሰዎች ምን ሲያደርጉ እንደኖሩ ከጥንቱ ጀምሬ ልተርክ ነው። ከኛው አገር የወጣው የእንዶድ ታሪክም በመካከሉ አለ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

በ1775 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ከዚያ በኋላ ያለ ማቋረጥ በራሱ የሚሽከረከር ማሽን ሠራሁ የሚልን ማመልከቻ አልመረምርም አለ። ክብን በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ስፋቱ እኩል ወደሆነ ካሬ ለወጥኩ የሚለውንና ማንኛውንም ማዕዘን ለሦስት እኩል ከፈልኩ የሚለውንም አብሮ ዘጋባቸው። ብዙዎች ይህን ውሳኔ የትዕቢት ምልክት አድርገው ያነሡታል። እኔ ግን አካዳሚው የሰጠውን ምክንያት ሳስብ ሐዘን ይታየኛል። ማሽኑን ለመሥራት ሲሉ ጥሪታቸውን የጨረሱ፣ ዕድሜያቸውንና ችሎታቸውን ያባከኑ፣ ቤተሰባቸውን ለችግር የዳረጉ የእጅ ባለሙያዎች በዝተው ነበር። አካዳሚው በሩን የዘጋው ይህንንም አይቶ ነው። ቡታጅራ ጋራዥ ውስጥ ለዲናሞ መግዣ የወር ደመወዙን ያወጣ ልጅ ያየ ሰው ይህ ምክንያት ይገባዋል።

ያን ጊዜ ግን ማሽኑ ለምን እንደማይሠራ በሕግ ደረጃ የጻፈ አልነበረም። ያንን ሕግ ያመጡት ሰዎች ደግሞ ራሳቸው ከበሩ ውጪ የቆሙ ነበሩ። የመጀመሪያው ዩሊየስ ሮበርት ማየር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1840 በመርከብ ሐኪምነት ተቀጥሮ እስከ ጃቫ ደሴት ሄደ። እዚያ የታመሙ መርከበኞችን ደም ሲያወጣ የደም ሥራቸው ደም በአውሮፓ ከለመደው ይልቅ ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። በሞቃት አገር ሰውነት ሙቀቱን ለመጠበቅ ብዙ ማቃጠል አያስፈልገውም ብሎ አሰበ። ከዚያም ሙቀትና ሥራ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጡ የአንድ ነገር ሁለት መልኮች ናቸው ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። አገሩ ሲመለስ፣ በ1841፣ ሐሳቡን ጽፎ በጊዜው ትልቅ ለነበረው የፊዚክስ መጽሔት ላከ። አዘጋጁ ፖገንዶርፍ መልስ እንኳ አልሰጠውም።

ጽሑፉ ስህተት ነበረበት። ማየር ፊዚክስ በወጉ አልተማረም፤ ስሌቱ የተምታታ ነበር። ነገር ግን አኩርፎ አልተቀመጠም፤ የጎደለውን ተማረ፣ ጽሑፉን እንደገና ሠራው፣ በ1842 በአንድ የኬሚስትሪ መጽሔት ላይ አወጣው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጄምስ ጁል የሚባል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ቴርሞሜትር ማንበብ የለመደ ሰው ነው። ክብደት በገመድ ሲወርድ ውሃ ውስጥ ያለ መቅዘፊያ እንዲዞር አደረገና ውሃው ምን ያህል እንደሚሞቅ ለካ። ለውጡ ከአንድ ዲግሪ በታች ነበር፤ ጁል ግን የዲግሪን መቶኛ ያነብ ነበር። ሊቃውንቱ ለብዙ ጊዜ አላመኑትም። በ1847 ኦክስፎርድ ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ወጣት ፕሮፌሰር፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን፣ ጆሮ ሰጠው። በዚያው ዓመት የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ሄርማን ሄልምሆልትዝ ሕጉን በሒሳብ አስሮ ጻፈ፤ ያው የፖገንዶርፍ መጽሔት ሳይቀበለው ቀርቶ ሥራው ለብቻው ታተመ።

የዲናሞውን ሥዕል ውድቅ የሚያደርገው ሕግ፣ ኃይል አይፈጠርም አይጠፋም የሚለው፣ በአንድ የመርከብ ሐኪም፣ በአንድ ቢራ ጠማቂና በአንድ የወታደር ሐኪም እጅ ነው የመጣው። ደብተር ይዞ የመጣው ልጅ ይህን ቢሰማ መልካም ነው፤ የሚሸኘው መምህርም ቢሰማው መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ የሚጠራው አንድ ስም አለ፤ የአንስታይን። «አንስታይንም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር» ይላሉ። እውነት ነው፣ በ1905 በርን ከተማ የፈጠራ መብት ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር። ግን ከዚያ በፊት፣ በ1900፣ ከዙሪክ ፖሊቴክኒክ በፊዚክስና በሒሳብ መምህርነት ተመርቋል። ከ1901 ጀምሮ ጽሑፎቹ እየታተሙ ነበር። የ1905ቱ ሥራዎቹም የወጡት ማየርን ዝም ባለው በዚያው መጽሔት ላይ ነው፤ የበርሊኑ ማክስ ፕላንክም ወዲያው አንብቦ ለሌሎች አስተዋወቀው። አንስታይን የዩኒቨርሲቲ ሥራ ያጣ የሙያው ሰው ነበር እንጂ ሙያውን ያልተማረ ሰው አልነበረም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

በር ላይ መቆም ምን እንደሆነ ግን አልረሳም። በ1924 ከዳካ ከተማ፣ ያኔ በእንግሊዝ ከምትገዛው ሕንድ፣ ሳትየንድራ ናት ቦስ የሚባል መምህር ደብዳቤ ላከለት። ጽሑፉን አንድ የእንግሊዝ መጽሔት ሳያወጣለት ቀርቶ ነበር። አንስታይን አነበበው፣ በገዛ እጁ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመውና በጀርመን መጽሔት እንዲታተም አደረገ። ዛሬ ቦዞን የሚባሉት ቅንጣቶች የተሰየሙት በዚህ መምህር ስም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ ልምጣ። በ1963 ታንጋኒካ ውስጥ፣ ማጋምባ በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኤራስቶ ምፔምባ የሚባል ተማሪ ነበር። ልጆቹ አይስክሬም ይሠሩ ነበር። ወተት ከአካባቢው ሴቶች ይገዛሉ፣ ያፈላሉ፣ ስኳር ይጨምራሉ፣ ቀዝቀዝ እስኪል ይጠብቁና ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስገባሉ። ማቀዝቀዣው ግን አንድ ነው፤ ሽሚያ አለ። አንድ ቀን ምፔምባ ወተቱን ሲያፈላ ሌላው ልጅ ቦታ እንዳያልፈው ብሎ ወተቱን ሳያፈላ ስኳር ለውሶ አስገባ። ምፔምባም የመጨረሻዋ ሳህን እንዳታመልጠው፣ ማቀዝቀዣው ቢበላሽም ይበላሽ ብሎ፣ ወተቱን በትኩሱ ጨመረው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሲመለሱ የሱ ረግቶ አይስክሬም ሆኗል፤ የጓደኛው ገና ወፍራም ፈሳሽ ነው።

የፊዚክስ መምህሩን ጠየቀ። ተምታቶብህ ነው፣ ሊሆን አይችልም ተባለ። ልጁ ዝም አለ። በዕረፍት ጊዜ ግን ታንጋ ከተማ አይስክሬም የሚሸጥ ጓደኛውን አገኘ። ያም በትኩሱ ሲገባ ቶሎ ይረጋል፣ እኛ ሁሌም እንዲህ ነው የምንሠራው አለው። ሻጩ የተግባር እውቀት ነበረው፤ ማንም መጥቶ ስላልጠየቀው የትም አልተጻፈም።

ምፔምባ ወደ ኢሪንጋ፣ ወደ ምክዋዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሄድ ጥያቄውን አነሣ። አዲሱ መምህር ይህ የምፔምባ ፊዚክስ ነው እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም አሉት። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ ስሌት ሲሳሳት «የምፔምባ ሒሳብ» እየተባለ ይሳቅበት ነበር። እዚህ ላይ መምህር የሆነ ሁሉ ለአፍታ ቆም ይበልልኝ። ያ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ የኒውተንን የመቀዝቀዝ ሕግ እያስተማረ ነበር፣ ሕጉም ከልጁ ወሬ ይልቅ የሚታመን ነው። የጎደለው ሁለት ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ መሞከር ብቻ ነበር። ሁለቱን ብርጭቆ በኋላ ያመጣው ልጁ ራሱ ነው። የባዮሎጂ ቤተ ሙከራው ክፍት ሆኖ ሲያገኘው አንዱን የቧንቧ፣ ሌላውን የፈላ ውሃ ሞልቶ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀመጠ።

አንድ ቀን ከዳሬ ሰላም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ዴኒስ ኦዝቦርን የሚባል የፊዚክስ መምህር ንግግር ሊያደርግ ትምህርት ቤቱ መጣ። ምፔምባ ተነሥቶ ጠየቀ፦ እኩል መጠን ያለው ውሃ በሁለት ዕቃ፣ አንዱ በ35 ዲግሪ ሌላው በ100 ዲግሪ፣ ማቀዝቀዣ ቢገባ የ100ው ቀድሞ ይረጋል፤ ለምን? ተማሪው ሳቀ። ኦዝቦርንም ልጁ ተሳስቷል ብሎ ነበር ያሰበው። ግን እሞክረዋለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ሲመለስም የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ አዘዘ። ሠራተኛው ሞከረና ትኩሱ ቀድሞ መርጋቱን ነገረው፤ ትክክለኛው ውጤት እስኪመጣ ግን ሙከራውን እደጋግማለሁ ሲል አከለ። የታሪኩን ፍሬ ነገር የያዘችው ይህች የሠራተኛው ቃል ናት። ዓይኑ ካየው ይልቅ የተማረውን ያምን ነበር። ደጋግመው ሲሞክሩትም ያው ሆነ፤ በ1969 ምፔምባና ኦዝቦርን አንድ ላይ ስማቸውን አስፍረው ጽሑፉን በፊዚክስ ትምህርት መጽሔት አሳተሙ።

ምፔምባ አይስክሬሙን ባረጋ በዓመቱ፣ በ1964፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ቆመው ነበር። አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ናቸው፤ የሚያጠኑት ቢልሃርዝያን ነው። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። የትሉ እንቁላል ከሰው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ የተፈለፈለው ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሴቶች ወንዙ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድ ከአድዋ እስከ ጉራጌ ወይና ደጋ ድረስ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብለው ሲመለከቱ የሞተው ቀንድ አውጣ ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝቶ አዩ። ሕይወት ያለው ቀንድ አውጣ በዕቃ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጨምሪልኝ አሏት። ጨመረች፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ማረጋገጡ ግን ዕድሜ ጠየቀ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የምፔምባ ጽሑፍ በወጣበት በ1969 አድዋ ላይ የአምስት ዓመት ሙከራ ተጀመረ። ወንዙ በእንዶድ ታከመ፣ ሕዝቡ ተመረመረ፣ ተቆጠረ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆናቸው ልጆች መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ነበሩ፤ ሙከራው ሲያበቃ ከመቶ 7 ሆኑ። በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከፍሬው የተለየው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

በዚያን ጊዜ ዓለም አቀፉ የቀንድ አውጣ መግደያ ጀርመን የሚሠራው ባይሉሳይድ ነበር፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንዶድ በራፍ ላይ ይበቅላል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች ተቋማት አገር ውስጥ የተሠራውን የመርዛማነት ምርመራ በቂ ነው ብለው አልተቀበሉትም። ዓለም አቀፍ መመዘኛ ባሟላ ቤተ ሙከራ እንደገና ይሠራ ተባለ። ለዚያ የሚሆን ገንዘብም አገሪቱ አልነበራትም፤ የሚሰጥም ለረጅም ጊዜ አልተገኘም።

ፍርዴን ልናገር። ጥያቄው ትክክል ነበር። ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መርዛማነቱ መጠናት አለበት፤ እንዶድ ዓሣ ይገድላል፣ የቀንድ አውጣን እንቁላል ደግሞ በደንብ አያጠፋም፤ ይህን ጠያቂ ሳይንቲስት ሁሉ ሊያነሣው ይገባል። ጥፋቱ ያለው በሌላ ቦታ ነው። መረጃው ከየት መጣ የሚለው መረጃው ምን ይላል ከሚለው ቀደመ። ዶክተር አክሊሉ በ1989 በኋላ የማነሣውን ሽልማት ሲቀበሉ ያነሡት ቅሬታ ይኸው ነበር፦ የአፍሪካን ምርምር የሚያደክመው የገንዘብና የመሣሪያ እጥረት ብቻ ሳይሆን በአፍሪካዊ ሥራ ላይ ያለው ጥርጣሬ ጭምር ነው። ዲግሪ ነበራቸው፣ ቆጥረዋል፣ አሳትመዋል፤ ግን አድራሻቸው አዲስ አበባ ነበር። ከምፔምባ የሚለዩት ብዙ ነው፤ በዚህ ግን ይመሳሰላሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቡታጅራ ላይ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሰዎች ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የቡታጅራን የገጠር ጤና ጥናት አቋቋሙ። አንድ የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ተመረጡ። ቤት ለቤት እየተዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ በምን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እየተባለ ይመዘገባል። ስለ ሕፃናት ሞት፣ ስለ እናቶች፣ በኋላም ስለ አእምሮ ሕመም በዓለም የሕክምና መጽሔቶች የወጡ ብዙ ጥናቶች ከዚህ መዝገብ ተነሥተዋል። ጉዳዩ ከፊዚክስ የራቀ ይመስላል፤ ለኔ ግን የዚሁ ታሪክ አካል ነው። እንሰት ስትፍቅ የዋለች እናት በራፏ ላይ ቆማ ለመዝጋቢው የነገረችው ቃል ሳይንስ ሆኗል። አልተማረችም ተብሎ ቃሏ አልተጣለም፤ አዛውንት ናት ተብሎም እንዲሁ አልታመነም። ተጻፈ፣ ከሌላው ጋር ተመሳከረ፣ ተቆጠረ።

እንዶድም በመጨረሻ መንገድ አገኘ። በካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል እርዳታ የመርዛማነቱ ጥናት ተሠራ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው ዓይነት 44 የሚባለውን ምርጥ ዘር አወጡ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ በጋራ ስቶክሆልም ላይ የሚሰጠውን፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከወንዙ ዳር እስከዚያ 25 ዓመት ሆነ። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጥቶ ስለነበር ዓለም ቀንድ አውጣ ከመግደል ይልቅ ሰውን ማከም ላይ አተኮረ። ቀጥሎ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ በሐይቆቻቸው ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ ሙሰል የሚባል ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ እንደሚገድል አረጋገጡ፤ ለዚያ አጠቃቀም ፓተንት ወጣ። የአድዋ ሴቶች እውቀት የማን ነው የሚለው ክርክርም ያኔ ተነሣ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት በኮምፒዩተር መረብ የሚቀመጡበትን አርካይቭ አቋቋመ። ወልቂጤ ላይ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ዛሬ የፕሪንስተን ፕሮፌሰር የሚያነበውን በዚያው ቀን በነፃ ያነባል። በሩ እንዲህ ሲከፈት ደብተር ይዘው የሚመጡት ከመላው ዓለም ጎረፉ። በ2004 አርካይቩ አዲስ ጸሐፊ ከነባሮቹ ምስክር የሚሆነው ሰው እንዲያመጣ ደነገገ። የሒሳብ ሊቁ ጆን ባዬዝ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ፣ ሐሳቡን ሳያነቡ ሰውየውን ለመለየት የሚያገለግል የነጥብ ዝርዝር አውጥቶ ነበር። ራሱን ከጋሊልዮ ጋር ያወዳደረ 40 ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ኖቤል ይገባኛል ያለ 20። ዝርዝሩ ከልምድ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በእርግጥ ይመሳሰላሉ። እኔ ግን አልወደውም። የሚቆጥረው የሰውየውን ጠባይ ነው። ማየርም በመጨረሻ ተማርሮ፣ ስሙን ለማስመለስ ሲሟገት አእምሮው ታውኮ፣ ሆስፒታል ገብቶ ነበር፤ ሕጉ ግን ትክክል ነበር።

በሩ ለውስጦቹም ጠባብ መሆኑን ያየነው በ2011 ነው። ከስዊዘርላንድ ወደ ጣሊያን 730 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ የተላኩ ኒውትሪኖ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ገደማ ቀድመው ደረሱ ሲሉ የኦፔራ ሙከራ ተመራማሪዎች ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች ፕሮፌሰሮች ናቸው፣ መሣሪያቸው የዓለም ምርጥ ነው። ቢሆንም ማንም በስማቸው ብቻ አላመነም። እነሱም እባካችሁ ስህተታችንን ፈልጉልን አሉ። በ2012 ስህተቱ ተገኘ፤ ዋናው በደንብ ያልገጠመ የፋይበር ኬብል ነበር። ሌላ ቡድን በዚያው መሥመር ለክቶ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን እንደማይቀድሙ አሳየ። ደብተር ይዞ ለሚመጣው ወንድሜ ከአንስታይን ታሪክ ይልቅ ይህን እነግረዋለሁ። ጥርጣሬው አንተን ለይቶ የመጣ አይደለም።

በዚያው በ2012 የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ማኅበር የምፔምባን ጥያቄ ለሚያብራራ 1,000 ፓውንድ አዘጋጀ፤ 22,000 ያህል ሰው መልስ ላከ። ከ49 ዓመት በኋላም ጥያቄው አልተዘጋም ነበር። በ2016 ሁለት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጥንቃቄ ለክተው ትኩስ ውሃ ቀድሞ ይረጋል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘንም አሉ፤ ቴርሞሜትሩ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል እንኳ ውጤቱ ይለወጣል አሉ። በ2020 ደግሞ ሌሎች በውሃ ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተመሳሳይ ነገር ማየታቸውን በታላቁ ኔቸር መጽሔት ጻፉ። ምፔምባ ስለ ውሃው ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም ያከራክራል። መጠየቁና መለካቱ ግን ትክክል ነበር።

በ2016 ዛቢነ ሆሰንፌልደር የምትባል ጀርመናዊት የፊዚክስ ሊቅ ያደረገችውን ደግሞ ልጨምር። ከቤታቸው የራሳቸውን ንድፈ ሐሳብ የሠሩ ሰዎች ለ20 ደቂቃ 50 ዶላር እየከፈሉ ከፊዚክስ ባለሙያ ጋር እንዲነጋገሩ አመቻቸች። ብዙዎቹ የታዋቂ መጻሕፍትን ምሳሌና ሥዕል እንደ ራሱ እንደ ፊዚክሱ የወሰዱ፣ ሒሳቡን ያላገኙ ሰዎች ሆነው አገኘቻቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር ሥራቸው። ግን አብዛኞቹ ሲያስረዷቸው ይሰሙ ነበር። የሚያስረዳ ሰው ነበር ያጡት።

ስለዚህ ዲናሞውን ይዞ የመጣውን ልጅ ላስቀምጠው። ሞተሩ 100 ዋት ወሰደ እንበል። ሽቦው ይሞቃል፣ ቺንጋው ይፈትጋል፣ ኩሽኔታው ይጮኻል፤ 80 ዋት ብቻ ዲናሞው ጋ ደረሰ እንበል። ዲናሞውም በተራው ከመቶ 80 ብቻ ቢመልስ ሞተሩ ዘንድ የሚደርሰው 64 ዋት ነው። በሁለተኛው ዙር 41። ለማስነሻ የተገናኘውን ባትሪ ሲነቅሉት ማሽኑ ወዲያው የሚቆመው ለዚህ ነው። ይህን በሰሌዳ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ልጁ ራሱ በመልቲሜትር እንዲለካው ማድረግ ይሻላል፤ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ መልቲሜትር መያዝ ከኔ ይበልጥ ያውቅበታል። ቁጥሩን በራሱ እጅ ሲያገኘው መሸነፍ አይሆንበትም። ከዚያ ጁል የሚባል የቢራ ጠማቂ ልጅ ነበር ብሎ መጀመር ይቻላል።

ቡታጅራ ያለህ የፊዚክስ መምህር ሆይ፣ አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ቡታጅራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ያንሳል። አንድ ቀን ተማሪህ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ «ቲቸር፣ ውሃው በ93 ፈላብኝ» ቢልህ ተሳስተሃል አትበለው። ቴርሞሜትሩን ይዘህ አብረኸው ግባ።